ስለ ፋሲካ የስጦታ ቅርጫት የወጣ ማስተካከያ

የእንስሳት ተዋጽኦ ፈጽሞ ለማይመገቡ ወዳጆች የሚዘጋጀውን የፋሲካ ቅርጫት በተመለከተ ቀደም ሲል በጅማ በተሰራጨው ዝርዝር ማርና ጧፍ መካተታቸው፣ ጥቁር ቸኮሌት ደግሞ የካካዎ ቅቤ ስላለው መከልከሉ ትክክል ባለመሆኑ እንደሚከተለው ተስተካክሏል። ማር በብዙ ቤት በጾም ቢበላም የንብ ውጤት ነው፤ ከሰም የሚሠራ ጧፍም እንዲሁ። የካካዎ ቅቤ ግን ከካካዎ ፍሬ የሚወጣ ስብ በመሆኑ፣ በማሸጊያው ላይ ወተት ወይም የወተት ዱቄት እስካልተጻፈ ድረስ ቸኮሌቱ ይፈቀዳል።

በማሩ ምትክ ተምርና በተለይም የአካባቢያችን ቡና ይግባ፤ ለጅማ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ስጦታ አለ? አዲስ የተቆላ ቡና ጋዝ ስለሚያወጣና ጥብቅ ማሸጊያን ስለሚነፋ፣ ወዲያው ባይታሸግ መልካም ነው። ዳቦ ቆሎ የሚገዛም ሊጡ በዘይት እንጂ በቅቤ አለመታሸቱን ባለሙያዋን ጠይቆ ያረጋግጥ።