«አምጣ ወዲህ!»

የ4 ዓመቱ ልጄ በሩ ሥር ቆሞ ከጃኬቱ ዚፕ ጋር ግብግብ ገጥሟል። እኔ ቁልፍ በእጄ፣ ቦርሳ በትከሻዬ። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ አንዱን ጫፍ ከሌላው ሊያገጥም ይሞክራል። ይስታል። ደግሞ ይሞክራል። ሦስተኛው ላይ ትዕግሥቴ ተሟጠጠ። «አምጣ ወዲህ!» ብዬ በአንድ ጊዜ እስከ አገጩ ዘጋሁለት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ዚፑን እስከ ታች ከፈተና እንደ አዲስ ጀመረ። አረፈድን።

ወላጅ «ልጅህን አሞላቀቅኸው» ተብሎ ሲታማ ጥፋቱ ሁልጊዜ በፍቅር ይሳበባል። ስለሚሳሳለት ነው ይባላል። እኔ ግን ራሴን ስታዘብ የፍቅር ሳይሆን የጥድፊያ ጉዳይ ነው። እኔ ሳለብሰው ቶሎ ያልቃል። ውኃ ራሱ ሲቀዳ ግማሹ ወለል ላይ ነው፤ የምወለውለው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ እኔ እቀዳለሁ። ለእሱ ያደረግኩለት ይመስላል እንጂ ለራሴ ነው።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል ተረቱ። እራቱን በተመለከተ ልክ ነው፤ ማንም አይከራከርም። ግን ልጁ እጁን ሊጡ ውስጥ ካልከተተ ማቡካት የሚለምደው መቼ ነው? 20 ዓመት ሲሞላው?

የሚገርመው ልጆች መጀመሪያ ላይ ሥራ የሚለምኑን እነሱ መሆናቸው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፊሊክስ ዋርኔከንና ማይክል ቶማሴሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት አለ። የ18 ወር ሕፃናት፣ አንድ ትልቅ ሰው ዕቃ ወድቆበት ማንሳት ሲያቅተው ሲያዩ፣ ብዙዎቹ ሄደው አንስተው ሰጡት። ሽልማት የለ፣ ምስጋና የለ። ገና በወጉ አፍ ያልፈቱ ልጆች ናቸው እንግዲህ። ቤት ውስጥም ያው ነው። የ2 ዓመቷ ልጅ መጥረጊያ ስትቀማን «ተይው፣ ሂጂ ተጫወቺ» እንላታለን። 10 ዓመት ሲሞላት ሶፋ ላይ ተዘፍዝፋ እናገኛትና «ይቺ ልጅ ሥራ አትወድም» ብለን እናማርራለን። ማን አስተማራት?

ልጁን ከነዚፑ ትቶ መሄድም መላ አይደለም። ልጆችን አለባበስ የሚያለማምዱ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ፦ ከመጨረሻው መጀመር። ጫፉን እኔ አገጥማለሁ፣ እስከ ደረቱ እስባለሁ፣ የቀረችውን ስንዝር እሱ ይስባል። የጨረሰው እሱ ነው፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ያቺን ሲለምዳት ከሆዱ ጀምሮ ይስብ። በመጨረሻ ማገጠሙም የእሱ ይሆናል። ካልሲም እንደዚሁ ነው። ተረከዙን እስኪያልፍ እኔ፣ ከዚያ ወደ ላይ መጎተቱ የእሱ። ደግሞ ማውለቅ ከመልበስ ቀድሞ ነው የሚመጣው፤ ካልሲውን እየወረወረ የሚያስቸግራችሁ ሕፃን ትምህርት ላይ ነው። የጫማ ክር ማሰር ግን ለአብዛኞቹ ልጆች ከ5 እና ከ6 ዓመት በፊት አይሆንም። የ3 ዓመት ልጅ «ካላሰርክ» ብሎ ማስለቀስ ግፍ ነው።

ሌላም አለ፤ ይኼኛው ለእኔም ይከብደኛል። እጁ ራሱን እንዲችል እንፈልጋለን፣ አፉ ግን እንዲታዘዝ። ጫማውን ራሱ ሲያስር «ጎበዝ!» ያልነው ልጅ «ለምን?» ብሎ ከጠየቀ አፈኛ ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ «እሺ» ስናስብለው ኖረን፣ አንድ ቀን ድንገት «አንተ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ብለን እናፋጥጠዋለን። በየት በኩል ይወቅ? እስከዚያች ቀን የሚለብሰውን ሸሚዝ እንኳ መርጦ አያውቅም።

ባለፈው የ11 ዓመቷ ልጄ ደብተሯን ረስታ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ አየሁት። ላደርስላት ጫማዬን አደረግኩ፤ ትንሽ ቆሜ አወለቅኩት። እስከ ማታ አኮረፈችኝ። ልክ ልሁን ልሳሳት እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። እሳት፣ ጥልቅ ውኃ ወይም የመኪና መንገድ ቢሆን ኖሮ «ትውደቅና ትማር» የሚባል ነገር የለም። የደብተር ጣጣ ግን ከአንድ ቀን ኩርፊያ አያልፍም።

ትንሹ አሁን ዚፑን ተክኖበታል። አዲስ ነገር አላደረግንም፤ ጠዋት 10 ደቂቃ ቀደም ብለን መነሳት ጀመርን። አንዳንድ ቀን ግን፣ ምንም ሳንቸኩል፣ ጃኬቱን ለብሶ ጠጋ ይለኛል።

«አባዬ፣ ዛሬ አንተ ዝጋልኝ።»

እዘጋለታለሁ።