አጥቂ አይደለም የጎደለን፣ ግራ እግር ነው

ሰሞኑን ከክለባችን አመራሮች አንዱ ለደጋፊዎች የሰጡት መልስ ደሴን ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ሲያነጋግር ሰንብቷል። መልሳቸው አጭር ነበር፦ ለቡድኑ የጎደለው ስም ያለው አጥቂ ብቻ ነው፣ እሱ ከመጣ ሌላው ራሱ ይስተካከላል፣ በሰፈር ልጅ ደግሞ ሊግ አይወጣም። ለዘንድሮ ዝውውር ከተያዘው ገንዘብ አብዛኛው በአንድ ሰው ፊርማ ላይ ሊፈስ ነው ማለት ነው።

ከሦስቱ ይበልጥ የሚያናድደው መካከለኛው ነው። ሌላው ራሱ ይስተካከላል! በእግር ኳስ ራሱን የሚያስተካክል ነገር አንድም የለም። ያልተለማመዱት የማዕዘን ምት ራሱ አይስተካከልም። ጉልበቱ ያበጠ ተጫዋች ራሱ አይድንም። በቀኝ እግረኛ የተሸፈነ የግራ መስመርም አጥቂ መጣ ብሎ ግራ እግር አያበቅልም። አጥቂ የቀረበለትን የሚበላ ሰው ነው፤ ማዕዱ ባዶ ከሆነ ከአዲስ አበባ የመጣውም ከጎረቤታችን ሐይቅ ከተማ የመጣውም እኩል ጾሙን ያድራል።

ባለፈው የውድድር ዓመት ቡድኑን ከልቡ የተከታተለ ሰው ይህችን አንድ ነገር ደጋግሞ አይቷታል። በረኛው ኳሷን ለመሐል ተከላካዩ ይሰጣል፣ እሱ ወደ ግራ መስመር ያሳልፋል። እዚያ የቆመው ተከላካያችን ቀኝ እግረኛ ነው፤ ታታሪ ልጅ ነው፣ ነገር ግን ቦታው አይደለም። ኳሷን በቀኝ እግሩ ሲቀበል ሰውነቱ ወደ ሜዳው መሐል ይዞራል፣ መስመሩ ከጀርባው ይቀራል። የተጋጣሚ ክንፍ ተጫዋች ይህን ስለሚያውቅ ከውስጥ በኩል ይመጣበታል። ወደ መሐል የሚሰጠው ተዘጋ። በመስመሩ ወደፊት ለመላክ ግራ እግር ያስፈልጋል፣ የለውም። ስለዚህ ወደ በረኛው ይመልሳታል፣ በረኛው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ይለጋታል። ያቺ የተለጋች ኳስ ናት እንግዲህ አጥቂው ከሁለት ግዙፍ ተከላካዮች ጋር በግንባሩ የሚታገልባት፤ ሲሸነፍ ደግሞ አጥቂው አይረባም የምታስብለው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

ወደፊት ሲሄድ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ተመላላሹ፣ ማለትም ይኸው የመስመር ተከላካይ፣ የተጋጣሚ ሳጥን ጎን ድረስ ደረሰ እንበል። ግራ እግረኛ ቢሆን ሩጫውን ሳያቆም ያሻማል። የእኛው ግን ይቆማል፣ ኳሷን ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ወደ ቀኝ እግሩ ያዞራታል፣ ከዚያ ነው የሚያሻግረው። ሁለት ንክኪ ብቻ ነው። በእነዚያ ሁለት ንክኪዎች ውስጥ ግን ወደ ቅርቡ ቋሚ የሮጠው አጥቂ ወይ ከጨዋታ ውጪ ሆኗል፣ ወይ ሩጫውን ገትቶ ቆሟል፤ ወደ ኋላ የቀሩት ተከላካዮችም ተመልሰው ተሰልፈዋል። ኳሷ በመጨረሻ ስትመጣም አመጣጧ መጥፎ ነው። ከግራ መስመር በቀኝ እግር የተመታች ኳስ ወደ ግቡ እየታጠፈች ስለምትመጣ በረኛ አንድ ሁለት እርምጃ ወጥቶ ይለቅማታል። በግራ እግር የተመታችው ግን ከበረኛው እየሸሸች፣ ወደሚሮጠው አጥቂ ግንባር እየቀረበች ነው የምትታጠፈው። ከግቡ 5.5 ሜትር ላይ ካለው የትንሿ ሳጥን መስመር እስከ ቅጣት ምቷ 11 ሜትር ድረስ ያለች ቦታ አለች፤ በረኛ ለመውጣት የሚፈራት፣ ተከላካይ ወደ ራሱ ግብ እየሮጠ የሚደነባበርባት። አጥቂ የሚኖረው በእሷ ነው። እዚያች ቦታ ላይ በሩጫ ኳስ የሚጥልለት ሰው ከሌለ ስም ምን ያደርግለታል?

ይህም አልበቃ፣ ቀኙም አብሮ ይሞታል። የሜዳው ስፋት 68 ሜትር ነው ብንልም፣ ግራችን እንደማያስፈራ ያወቀ ተጋጣሚ ሁሉንም ተጫዋች ወደ ሌላው ወገን ስቦ በ50 ሜትር ነው የሚከላከለን። የቀኝ ክንፍ ተጫዋቻችን በየጨዋታው ሁለት ሰው የሚገጥመው ለዚህ ነው። ስንከላከልም ያው ነው፤ ተጋጣሚ በውጭ በኩል ሲያልፍ ኳሷን በግራ እግሩ ወደ ውጭ ማውጣት የሚገባው ልጅ በቀኙ ሲመታት ወደ ገዛ ሳጥናችን ደጃፍ ይልካታል። ከዚያ በኋላ በረኛውን መውቀስ ነውር ነው።

ትልልቆቹ ቡድኖች ቀኝ እግረኛን በግራ ያጫውቱ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ያጫውታሉ። ጀርመናዊው ፊሊፕ ላም እ.ኤ.አ. በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ከግራ ወደ መሐል ገብቶ በቀኝ እግሩ ኮስታሪካ ላይ ያስቆጠራትን ግብ የማያስታውስ የለም። ላም ግን በሁለቱም እግሩ ኳስ የሚታዘዝለት፣ በትውልድ አንድ ሁለት የሚገኝ ሰው ነበር። እሱን እየጠቀሱ የእኛን ልጅ በማይችለው ቦታ ማሰቃየት ፍርደ ገምድልነት ነው። ይልቅ ሊቨርፑልን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2017 ክረምት ሰው ሁሉ ስለ መሐመድ ሳላህ ፊርማ ሲያወራ፣ ከወረደው ኸል ሲቲ በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ግራ እግረኛ ተመላላሽ መጣ፣ አንድሪው ሮበርትሰን። የሳላህ ዋጋ ከዚያ ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። ሮበርትሰን በውጭ በኩል ባይሮጥለት ቀኝ እግረኛው ሳዲዮ ማኔ ከግራ ወደ መሐል የሚገባበት ቀዳዳ ከየት ይመጣ ነበር? በ2019 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ፣ በ2020 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ። ሌስተር ሲቲ በ2016 ሻምፒዮን ሲሆንም በግራ የነበረው ክርስቲያን ፉክስ በነፃ ዝውውር የመጣ ነው። ግራ እግረኛ ተመላላሽ ቡድን የሚሠራ ዕቃ ነው፤ ገበያው ላይ ግን ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከአጥቂ በታች ነው። እንደ እኛ ገንዘብ ያጠረው ክለብ መጀመሪያ የሚገባበት ሱቅ ይህ መሆን ነበረበት።

አጥቂያችን ባዶ ግብ የሳተባቸው ቀናት ነበሩ፣ ያንን አልክድም። ግን እሱንም ቢሆን እንደ ሰው መግቦ የፈተነው የለም።

አሁን ወደ ሰፈር ልጁ። በሰፈር ልጅ ሊግ አይወጣም ያሉት አመራር በክረምት አንድ ቅዳሜ ከሙጋድ እስከ ሆጤ ሜዳ ቢዘዋወሩ መልካም ነበር። ግራ እግረኛ በተፈጥሮው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ተፈልጎ፣ ገና በልጅነቱ ተለይቶ የሚያዝ እንጂ በዝውውር መስኮት የመጨረሻ ሳምንት ለደላላ ስልክ ተደውሎ የሚገኝ አይደለም። ከእኛው ተስፋ ቡድን አንድ ግራ እግረኛ ልጅ ቁመቱ አጠረ ተብሎ ተለቋል። ለመስመር ተከላካይ ቁመት! ለመሐል ተከላካይ ቢሆን እሺ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ 13 ዓመት የነበራቸው ልጆች ዛሬ 17 ሆነዋል፤ ኳስ መማሪያ ዓመታቸው ተቆርጦባቸዋል። እነሱን ልምድ የላቸውም ብሎ ማባረር ሁለተኛ መቅጣት ነው። ልምዱን ማን ይስጣቸው?

ገንዘቡም ቢሆን ከዚያው ነው ያለው። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ውል እያለው ወደ ውጭ ሀገር ክለብ ሲሸጥ ከዝውውር ክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ለያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ለያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ ነው። አቡበከር ናስር ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ እንደሄደው የእኛም ልጅ አንድ ቀን ቢሄድ፣ ክለቡ ድርሻውን የሚያገኘው ልጁን በወቅቱ፣ በትክክለኛ የልደት ቀኑ አስመዝግቦ ከያዘ ብቻ ነው። በሌላ ዕድሜ የተመዘገበ ልጅ ወይም በቃል ብቻ የሠለጠነ ልጅ አንድ ሳንቲም አያስገኝም። ከውጭ በውድ የመጣ የ30 ዓመት አጥቂ ደግሞ ሲሄድ የሚተወው ባዶ አልጋ ነው።

የአየሩ ነገርም ተረስቷል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፊፋ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ለአጭር ጊዜ ከልክሎበት የነበረው ከፍታ ይኸው ነው። ከድሬዳዋ ወይም ከአርባ ምንጭ የመጣ ተጫዋች አንድ ጊዜ ይሮጣል፤ ሁለተኛውን ለመሮጥ ትንፋሹ ቶሎ አይመለስለትም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳይሰጡት በሙከራ መገምገምም፣ ማስፈረምም ስህተት ነው። በተቃራኒው እዚህ የተለማመደ ቡድን ዝቅ ወዳለ ከተማ ሲወርድ ትንፋሽ ይተርፈዋል፣ ኳሱ ግን ያጥርበታል፤ በሆጤ ቀጭን አየር የለመደው ረጅም ኳስ ወፍራም አየር ውስጥ ቀድሞ ይወድቃል። ውድድሩ በአንድ ከተማ ተሰባስቦ የሚካሄድ ከሆነ የዝግጅቱን የመጨረሻ 10 ቀን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ማሳለፍ ምንም አይከብድም። 25 ኪሎ ሜትር ናት፣ ከፍታዋም ከእኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል።

እንግዲህ ተመላላሹ እንዴት ይመረጥ? በቪዲዮ አይደለም፣ በደላላ ምስክርነትም አይደለም። ልጁ ሆጤ ይምጣ። መጀመሪያ 20 ኳስ ያሻማ፤ አሥሩን ሳይደክም፣ አሥሩን ደግሞ ከሜዳው አጋማሽ በሙሉ ፍጥነት ሮጦ እንደደረሰ፣ ሳይቆም። የመጀመሪያውን ተከላካይ ያለፉት፣ ከዚያም በ5.5 እና በ11 ሜትር መካከል የወደቁት ብቻ ይቆጠሩ። ትኩስ እያለ ጥሩ፣ ሲሮጥ ግን የሚበላሽ ከሆነ የቆመ ኳስ መቺ እንጂ ተመላላሽ አይደለም። ቀጥሎ 20 ሜትር ሄዶ 20 ሜትር መመለስ፣ 20 ሰከንድ እረፍት፣ እንዲህ 6 ጊዜ። የሚታየው የመጀመሪያው ሰዓት አይደለም፤ ስድስተኛው ከመጀመሪያው ስንት እንደዘገየ ነው። ፈጣኑን ልጅ ሳይሆን ፍጥነቱ የማይወርደውን ውሰዱ። በመጨረሻ አንድ ለአንድ፦ ፈጣን ክንፍ ተጫዋች 10 ጊዜ ይምጣበት፣ ስንት ጊዜ ወደ ውጭ እንደሸኘው ይታይ። በእግሩ ጣልቃ ለመግባት የሚቸኩል ልጅ ቢጫ ካርድ ይሰበስባል። ጉልበቱንና የጭኑን የኋላ ጡንቻ ሐኪም ሳያየው ብዕር አይነሳ።

ውሉ ላይ ደግሞ የተለመደው ጥፋት ይቅር። ብዙውን ገንዘብ በፊርማ ቀን አፍስሶ ከዚያ ደመወዝ ማዘግየት ክለብ ያፈርሳል። በፊፋ ደንብ የ2 ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ጽፎ ካልተከፈለው ውሉን አፍርሶ መሄድ ይችላል፤ ስም ያለው አጥቂ ደግሞ ይህንን ከማንም በላይ ያውቃል። ለአጥቂው ከታሰበው ገንዘብ ሩቡ ለአንድ ጥሩ ግራ እግረኛ የ2 ዓመት ውል ይበቃል። ሌላው ሩብ ተስፋ ቡድኑ ውስጥ ላሉ ሁለት ሦስት ልጆች የምግብና የጫማ ይሁን፤ አንዱ ግራ እግረኛ ሆኖ ከአዲሱ ተመላላሽ ጀርባ ይለማመድ። አምስት ቅያሪ በሚፈቀድበት ዘመን ቡድን ማለት 11 ሳይሆን 16 ሰው ነው፣ ወንበር ላይ ያለው ልጅ በ60ኛው ደቂቃ ትኩስ ሆኖ መግባት አለበት። ሁለተኛ በረኛም ያስፈልገናል፣ ስለ እሱ ክርክር ያለ አይመስለኝም።

የቀረው ግማሽ አጥቂ ፍለጋ ይሂድ፣ እስማማለሁ። ግን ተመላላሹ ከፈረመ በኋላ፣ ከእሱ ጋር ሆጤ ላይ አንድ ሳምንት ልምምድ ሠርቶ፣ ከግራ የሚመጡለትን ኳሶች ወደ ቅርቡ ቋሚ እየሮጠ በግንባሩ ሲያገኛቸው ከታየ በኋላ ይፈርም።