ዕዳ ያቃተው ደመወዝተኛ ቀሪ ዕዳው ይሰረዝለት?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «ነጋዴ ያልሆነ ሰው ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ፍርድ ቤት መክሰሩን አውጆ ቀሪውን ዕዳ ሊሰርዝለት ይገባል» የሚል ነው። ደጋፊው በደብረ ብርሃን የሚሠሩ ጠበቃ ሲሆኑ፣ ተቃዋሚዋ በደብረ ሲና የአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ናቸው።

ጠበቃው፦

ጠባሴ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ቢከስር ሕግ ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ ከእርሱ በፊት እንደነበረው እንደ 1952ቱ ሁሉ፣ ስለ ኪሳራ ሲደነግግ የሚያስበው ነጋዴንና የንግድ ማኅበርን ነው፤ እንዲያውም ነጋዴው ጨርሶ ሳይወድቅ ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ መልሶ የሚደራጅበትን መንገድ ጨምሮለታል። ከሱቁ ፊት ለፊት የሚኖረው የፋብሪካ ሠራተኛ ግን በልጁ ሕመም ምክንያት ተበድሮ መክፈል ቢያቅተው፣ የሚጠብቀው የፍርድ አፈጻጸም መዝገብ ብቻ ነው። በእንግሊዝ አገር የከሰረ ግለሰብ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ወር ከዕዳው ነፃ ይወጣል። የእኛ አባቶች ባለዕዳን ከባለገንዘቡ ጋር በቁራኛ ያስሩ ነበር፤ ሰንሰለቱ ቢቀርም ቁራኝነቱ መቅረቱን እጠራጠራለሁ። ወር በገባ 8,000 ብር ለሚያገኝ ሰው 40,000 ብር ቢሰረዝለት እርሱ ሰው ሆኖ ይቆማል፤ ለአበዳሪው ተቋም ግን ዕዳው ገብስ ነው።

ገንዘብ ያዧ፦

ከጣርማ በር በላይ ላለ ገበሬ ገብስ የዓመት ቀለቡ ስለሆነ፣ «ዕዳው ገብስ ነው» የሚለውን ቃል እንደ ዋዛ ላልፈው አልቻልኩም። «ተቋም» ብለው የጠሩት የእኛ ማኅበር ከአንድ ጠባብ ክፍልና ከአንድ ካዝና በስተቀር ምንም የለውም። በካዝናው ያለው ገንዘብ አረቄ አውጥተው የሚሸጡ ሴቶች፣ የጥበቃ ሠራተኞችና የቀን ሠራተኞች በየወሩ ከአፋቸው ነጥቀው ያስቀመጡት ነው። የእርስዎን 40,000 ብር ስንሰርዝ የምንሰርዘው የእነርሱን ቁጠባ ነው።

ደግሞም ሕጉ ባለዕዳውን ራቁቱን አላስቀረውም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የልብሱን፣ የመኝታውንና የማብሰያ ዕቃውን አያስነካም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከደመወዙ በአንድ ጊዜ ከሲሦ በላይ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። የራስዎን ምሳሌ ላስላልዎት፦ የ8,000 ብር ሲሦው 2,666 ብር ነው፤ ወለዱን ሳንቆጥር 40,000 ብር በ15 ወር አካባቢ ያልቃል። ከእንግሊዙ 12 ወር የሚበልጠው በሦስት ወር ነው። ለሦስት ወር ብለን አዲስ ሕግ እናውጣ?

ጠበቃው፦

የተከበሩ ተከራካሪዬ ከአንድ ሙሉ ጽሑፍ አንድ ፈሊጥ መርጠው ወቅተውታል። ቁጥሩ ምሳሌ ነበር። በቢሮዬ የማያቸው ሰዎች አንድ አበዳሪ ያላቸው አይደሉም። ሲሦው ለአንዱ ሲቆረጥ ለሌላው የሚከፍሉት ከአራጣ አበዳሪ ወስደው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በብድር ላይ ተዋዋዮች በዓመት ከመቶ 12 በላይ ወለድ እንዳይስማሙ ይከለክላል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አራጣን በወንጀልነት ይቀጣል። ነገር ግን 35,000 ብር ተቀብሎ «50,000 ብር ተበድሬአለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው በምን ወረቀት ያስረዳል? በዚህ ላይ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር በኩል በእጅ ስልክ መበደር ተችሏል፤ ከጎረቤት ለመበደር ሦስት ቀን ያፍር የነበረ ሰው ዛሬ በእኩለ ሌሊት ብቻውን፣ ማንም ሳይመክረው ይበደራል። ይህን ሁሉ ትተው ስለ ገብስ ማውራትዎ ያሳዝናል።

ገንዘብ ያዧ፦

ምሳሌውን ያመጡት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ያደረግሁት ማካፈል ብቻ ነው። ገብሱንም እኔ አላነሣሁትም።

ልጄ፣ እስቲ በጠቀሱት አገር ያለውን ነገር እስከ መጨረሻው ይንገሩን። በእንግሊዝ የከሰረው ሰው ከዕዳ ነፃ ሲወጣ ዋሱ አብሮት ነፃ አይወጣም፤ አበዳሪው ፊቱን ወደ ዋሱ ያዞራል። የእኛ ተበዳሪዎች ያለ ዋስ ገንዘብ አይወስዱም፤ ዋሶቻቸውም የሥራ ባልደረባ፣ የክርስትና አባት፣ የማኅበር ጓደኛ ናቸው። ዕዳው ሲሰረዝለት ተበዳሪው በሰላም ይተኛል፣ በማግስቱ ግን የዋሱ ደመወዝ ይቆረጣል። ሁለቱ በጥምቀት ዕለት ታቦት ሲሸኙ በየት በኩል ይተያዩ?

ጠበቃው፦

«ልጄ» መባሌን በአክብሮት እቀበላለሁ፤ በዕድሜ ግን ክርክር አይፈታም። ስለ ዋስ ያሉት እውነት ነው፤ እኔም ከመነሻው የምለው ዋሱ ይጠበቅ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል፤ ዋሱ ከባለዕዳው ጋር በአንድነትና በተናጠል ለመጠየቅ ካልተስማማ ደግሞ አበዳሪው በቅድሚያ የባለዕዳውን ንብረት እንዲጠይቅ መከራከር ይችላል። ስንቱ ዋስ ይህን ተረድቶ ነው የሚፈርመው? ማኅበራት ቅጹን ዘርግተው፣ ጣታቸውን ባዶው መስመር ላይ አኑረው «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ይላሉ። የእርስዎ ማኅበር የመጠኑን ቦታ ሞልቶ ነው የሚያስፈርመው?

ገንዘብ ያዧ፦

«ከመነሻው» የሚለውን ቃል አንብቤ የመጀመሪያ ጽሑፍዎን መልሼ አየሁት፤ «ዋስ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም። ዕዳ ይሰረዝ ብለው ተነሥተው ቅጽ ይስተካከል ላይ ደረሱ። ቅጽ መስተካከሉን የሚጠላ የለም።

ለጠየቁኝ ጥያቄ ግን፣ እንዲህ ባለ ድምፅ መጠየቄ ቢከፋኝም፣ በሐቅ እመልሳለሁ። ተበዳሪ በበዛበት ቀን፣ በተለይ ለመስቀል ሰሞን፣ መጠኑ ከፊርማው በኋላ የተሞላበት ጊዜ አለ። ይህን ለጠቅላላ ጉባኤያችን አቀርባለሁ፤ ለእርስዎ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም። እርስዎ ደግሞ ሦስት ጊዜ ጽፈው አንድ ጊዜ እንኳ ያልመለሱልኝን ይመልሱልኝ፦ 40,000 ብሩ የሚወጣው ከማን ጎተራ ነው?