መጀመሪያ የእናንተን ቁጥር ንገሩኝ

የአካውንታንት ሥራ ቅጥር ደብዳቤውን አልፈረምኩም። "እንኳን ደስ አለሽ" ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ሁሉ መልሱት። አዎ፣ ያው ድርጅት ነው። አዎ፣ "አለቀ፣ ተስማማን" ያልኳችሁ። ምንም አላለቀም። አንጀቴ እርር ብሎ ነው ቤት የገባሁት። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

በስልክ የተባልኩት "27 ሺህ፣ እጅሽ ላይ የሚገባ" ነው። ደግሜ ጠይቄያለሁ። "የተጣራ ማለትዎ ነው አይደል?" ብያለሁ። "አዎ፣ የተጣራ" ተብያለሁ። ዛሬ ወረቀቱን ስገልጠው 27,000 ብር ቁጭ ብሏል። ከጎኑ "ያልተጣራ" ይላል። ያልተጣራ! የሥራ ግብሩ ሲነሳለት፣ የኔ የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ሲነሳለት፣ ከ9 ሺህ ብር በላይ ይሄዳል። 9 ሺህ ብር! ይህን ያህል ገንዘብ በስልክና በወረቀት መሀል የት ገባ?

እኔ እኮ አካውንታንት ነኝ። የሰው ፔይሮል፣ የደመወዝ ሒሳብ፣ ስሠራ ነው የምውለው። እኔን ነው በተጣራና ባልተጣራ የሚያታልሉኝ! እኔን እንዲህ ካሉ፣ ትናንት ተመርቆ የወጣውን ልጅ ምን ያደርጉት ይሆን? ዝም ብሎ ይፈርማል። ወሩ ሲያልቅ ባንክ ሄዶ ይደነግጣል።

የሰው ኃይል ኃላፊውን ልንገራችሁ። በዕድሜ አባቴን ያክላሉ። ስለዚህ አንቱ እያልኩ ነው ያናገርኳቸው፤ እስከ መጨረሻው አንቱ አልኳቸው። እሳቸው "ልጄ" ይሉኛል። ልጄ ሲሉኝ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። ልጅ ደመወዝ አይጠይቅም።

የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላይ እንዲህ ሆነ። ቁጭ ከማለቴ፣

"አሁን ያለሽበት ስንት ይከፍሉሻል?"

"ለዚህ ቦታ ድርጅቱ የመደበውን ቢነግሩኝ በዚያ ላይ ብንነጋገር ይሻላል" አልኩ። በጨዋነት።

"አንቺ ተናገሪ። ከዚያ እናያለን።"

ማስታወቂያው ላይ "ደመወዝ በስምምነት" ብለው ነበር እኮ። ዋጋውን ደብቆ "አንቺ ጥሪ" የሚል ነጋዴ ነው የሆኑብኝ። ዝቅ አድርጌ ብጠራ ይስቁብኛል፣ ከፍ አድርጌ ብጠራ ያባርሩኛል። የነሱ በጀት ግን ጸድቆ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። በጀት እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ የምሠራው እኔ ነኝ። የሰው ቅጥር ያለ ተመደበ ገንዘብ አይወጣም። ታዲያ ያንን ቁጥር ለምንድን ነው ከኔ የሚደብቁት?

ተናገርኩ። "35 ሺህ፣ የተጣራ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አጠገባቸው ወዳለው ጎረምሳ ዞረው፣ "ሰማህ? ሠላሳ አምስት! የዘንድሮ ልጆች አፋቸውን ሞልተው ነው የሚጠሩት" አሉት። እሱም ሳቀ። የኔ እኩያ ነው፤ ምናልባት ከኔ ያነሰ ይከፈለዋል። ግን ሳቀ። ከሳቸው ይልቅ የሱ ሳቅ ነው ያንገበገበኝ።

ከዚያ መሳቢያውን ሳብ አድርገው በላስቲክ የታሰረ የሲቪ ክምር አወጡ። ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። "ልጄ፣ እነዚህ ሁሉ ይህን ወንበር ይፈልጋሉ። ባንቺ ግማሽ ይሠራሉ።" ከሁሉ በላይ ያለው ሲቪ ላይ የአንዲት ልጅ ፎቶ አለ። ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች፣ ፀጉሯን አሲዛለች፣ ለፎቶው የተዘጋጀችበት ያስታውቃል። ፊቷ ላይ የብርጭቆ ክብ ታትሞበታል። ማስቀመጫ አድርገዋታል! ያቺ ልጅ ስልኳን አጠገቧ አድርጋ ይደውሉልኛል ብላ እየጠበቀች ነው። እሷን ነው እኔን ለማስፈራሪያ ያመጧት።

"ለገንዘብ ብቻ ነው እንዴ የምትሠሪው?" አሉኝ ደግሞ።

"ኪራይ የሚጠየቀው በገንዘብ ነው" አልኩ። ይቺን በማለቴ አሁንም ደስ ይለኛል።

ወዲያው ወሬውን ቀየሩ። አግብተሻል? ልጅስ? "በቅርብ የመውለድ ሐሳብ አለሽ?" ይህን ለወንዶቹ ይጠይቃሉ? ለምን እንደጠየቁኝ ደግሞ በደንብ ይገባኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለወላድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ከነደመወዟ ይሰጣል። ያንን እያሰሉ ነው። በማህፀኔ ላይ በጀት እየያዙ ነው! ያው አዋጅ በፆታ ማዳላትንም ይከለክላል፤ እሷን ገጽ ግን አላነበቧትም።

ፈተናውንም አልነገርኳችሁም። "የተግባር ፈተና" ብለው አንድ ፋይል ሰጡኝ። የባንክ ማስታረቂያ፤ የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ ሒሳብ ጋር ማመሳከር ማለት ነው። እቤት ወስጄ ሌሊቱን ሙሉ ሠራሁት። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አገኘሁ፣ አስተካክዬ መለስኩ። አሁን ሳስበው የራሳቸው ሥራ ነው። ቫውቸር ቁጥር ሳይቀር ያለበት እውነተኛ ሒሳብ። በነፃ አሠርተውኝ ነው በኋላ "ባንቺ ግማሽ የሚሠራ አለ" የሚሉኝ። ከዚህ በፊት ያመለከትኩበት ሌላ ቦታም እንዲሁ አድርገውኛል፤ የዓመቱን ሪፖርት ቅጽ አሠርተው "እንደውልልሻለን" ብለው ቀሩ። አሁን ድረስ እየደወሉ ነው።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ያልተጣራው አንድ ነገር ነው። ገና ሁለተኛ ገጽ አለ።

የሙከራ ጊዜ ሦስት ወር። በሙከራው ጊዜ የደመወዙ 70 በመቶ ብቻ። እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀመጥኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 11 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው 60 የሥራ ቀን ማለት አሥር ሳምንት ነው። ሦስት ወር አይሆንም። በድሮው አዋጅ በ377/96ማ ከዚህም ያጥር ነበር፣ 45 ተከታታይ ቀን። አሠሪዎች ጨመረላቸው፣ አሁንም አልበቃቸውም። ደግሞ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ መብቱ እንደማንኛውም ሠራተኛ ነው ይላል እዚያው። የምሠራው ሙሉ ሥራ ነው። ማለዳ የምገባው በሙሉ ሰዓት ነው። የሚከፈለኝ ለምን 70 ይሆናል?

ይህን በትሕትና ነገርኳቸው። ስልኬ ላይ አንቀጹን አውጥቼ አሳየኋቸው።

አላዩትም። "ልጄ፣ ሕግ ማንበብሽ ጥሩ ነው። እኛ የምንሠራው ግን በድርጅቱ ፖሊሲ ነው" አሉኝ።

በድርጅቱ ፖሊሲ! አዋጅ ከፖሊሲ በታች ሆነ ማለት ነው?

"ደመወዙ የትርፍ ሰዓት ክፍያን ያካትታል" የሚል መስመርም አለ። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ የት እንደማድር የምታውቁ ታውቃላችሁ። እናቴ በየዓመቱ ሐምሌ እስኪገባ ፊቴን አታየውም። በአዋጁ ትርፍ ሰዓት በአዘቦት ቀን 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5 ነው የሚከፈለው። እነሱ ያንን ሁሉ በአንድ መስመር ውጠውታል።

ከዚያ ዋስ። ደመወዝተኛ ዋስ፣ ከነ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ። ከዚያ ኦርጅናል ዲግሪሽን አስቀምጪ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከለቀቅሽ የሦስት ወር ደመወዝ ትከፍያለሽ። እነሱ ግን በሙከራ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ። እኔ በዋስ፣ በዲግሪ፣ በቅጣት ታስሬ እቀመጣለሁ። እነሱ በምንም አይታሰሩም።

ዲግሪዬን ለምን ይዘው እንደሚያስቀምጡ ስጠይቅ "እኛ ጋ ሁሉም አስቀምጧል" ነው መልሱ። ያችን ወረቀት አባቴ መሬት ሸጦ ነው ያስተማረኝ ብል ምን ይገባቸዋል? አላልኩም። እዚያ ክፍል ውስጥ የአባቴን ስም ማንሳት አልፈለግኩም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ካልጨመርኩ አልተኛም። መጨረሻ ገጽ ላይ "ጥቅማጥቅሞች" የሚል ርዕስ አለ። በደማቅ ፊደል። ምን ይላል? የጡረታ ዋስትና፣ ድርጅቱ 11 በመቶ ይከፍላል። የዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀን። ሲለቁ የሥራ ልምድ ማስረጃ። ይህ ሁሉ እኮ ሕጉ ያዘዛቸው ነው! 11 በመቶውን ለሁሉም ሠራተኛ መክፈል አለባቸው። 16ቱ ቀን ለመጀመሪያ ዓመት አዋጁ ያስቀመጠው ዝቅተኛው ነው፤ ከዚያ በታች መስጠት አይችሉም። የሥራ ልምዱንም ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ግዴታቸውን ስጦታ አድርገው ነው ያቀረቡልኝ። ላመሰግናቸው ይገባ ነበር መሰለኝ።

"የሥራ ልምድ" ስል የቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ትዝ አለኝ። እነሱም ክሊራንስ አልቆ፣ ፊርማ ሁሉ ተሟልቶ፣ ማኅተም የሚመታው ሰው ፈቃድ ላይ ነው እያሉ አመላልሰውኛል። ያ ወረቀት በመዘግየቱ አንድ ጥሩ ቦታ አምልጦኛል። እሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ፤ ዛሬ ጉልበት የለኝም።

"ለምን አልተደራደርሽም?" እንዳትሉኝ። ተደራድሬያለሁ። "እሺ ያልተጣራ ከሆነ 44 ሺህ አድርጉትና የተባለው እጄ ላይ ይግባ" ብያለሁ። "የሙከራውን ጊዜ 60 የሥራ ቀን በሙሉ ደመወዝ እናድርገው" ብያለሁ። "ኮፒ ከኦርጅናሉ ጋር አመሳክራችሁ ኮፒውን ያዙ" ብያለሁ። ለሁሉም የተሰጠኝ መልስ አንድ ነው። "ይህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ አይነካም።" ታዲያ ማስታወቂያው ላይ ስምምነት ያሉት የቱን ነው? አንድ መስመር የማይነካ ውል ይዘው ሰው ለምን ያመላልሳሉ? ውሉን መጀመሪያ ቀን በኢሜይል ቢልኩልኝ ፈቃድ ወስጄ፣ የአለቃዬን ፊት አይቼ፣ በየጊዜው ምክንያት ፈጥሬ ባልሄድኩ ነበር።

አውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደመወዝ ግልጽነት መመሪያ አሠሪ ከቃለ መጠይቅ በፊት የደመወዙን መነሻ ወይም እርከን እንዲናገር፣ አመልካቹንም በፊት ስንት ይከፈልህ ነበር ብሎ እንዳይጠይቅ ደንግጓል። ሳነበው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው! አንድ መስመር ሕግ። እኛ ጋ ገና ዝቅተኛው ደመወዝ ላይ ነን። 1156/2011 አንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፤ የሠራተኛ ማኅበራቱ ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ፣ በየሜይ ዴዩ ይጠይቃል። እኔ ስለ እርከን ሳወራ አንድ ሰው ወለል እንኳ ሳይኖረው ይሠራል። ይህን ሳስብ ንዴቴ ወደ ድካም ይቀየራል።

ስነሳ ሰውየው አልተቆጡም። "አስቢበት፣ እስከ ሰኞ እንጠብቅሻለን" አሉኝ። የሚመለስ ሰው ስለለመዱ ነው። ኪራይ ደርሶበት፣ ልጅ ታሞበት፣ አንገቱን ደፍቶ ተመልሶ የሚፈርም ሰው ለምደዋል። እኔ አሁን ያለሁበት ሥራ ስላለኝ ነው አልፈርምም ያልኩት። ባይኖረኝ እፈርም ነበር። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው ያልተቆጡት።

ስለዚህ ከናንተ የምፈልገው ይህ ነው። ደመወዙ በቁጥር የተጻፈበት፣ የተጣራ ይሁን ያልተጣራ የተለየበት የአካውንታንት ማስታወቂያ ያየ ሰው ኢንቦክስ ያድርግልኝ። ደመወዝ በስምምነት የሚለውን አትላኩልኝ። የዚያን ድርጅት ስም የምትጠይቁኝም አቁሙ፤ እዚህ አልጽፍም፣ ሊያመለክት ያሰበ ካለ ግን ይደውልልኝ።