ድንኳኑን በርበሬ የቀባው ጀግና

ጀግናን አለማመስገን ነውር ነው። ባለፈው ሳምንት ከባንፍ ወደ ጃስፐር በብስክሌት ስሄድ አንዱን በአካል አገኘሁት። ዝም ብል ይቆጨኛል።

መንገዱን ለማታውቁት፣ ካናዳ፣ አልበርታ ነው። 290 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ግራ ቀኙ ተራራና የበረዶ ግግር። ጥቁር ድብም አለ፣ ግሪዝሊ የሚባለው ግዙፍ ቡናማ ድብም አለ። ማደሪያ የተፈቀዱ የካምፕ ቦታዎች አሉ። ከነሱ ውጭ መንገድ ዳር ድንኳን መትከል ክልክል ነው። ክልክል የሚባለው ግን እንደኔ ላለው ፈሪ ነው።

ጀግኖቹን ታውቋቸዋላችሁ። "ካምፕ ለቱሪስት ነው፣ እኛ ከተፈጥሮ ጋር ነው የምናድረው" ባዮቹን። "ድብ አለ" የሚለው ሰሌዳ ሥር ቆመው ሰልፊ ይነሳሉ። የሚያነበው የለም፤ ፎቶው ላይ ግን አሪፍ ይወጣል።

እንግዳ ተቀባይነታቸውማ አይወራ! እኛ ስስታሞቹ ከድንኳናችን 100 ሜትር ያህል ርቀን እናበስላለን። ምግባችንን የብረት ሳጥን ውስጥ እንቆልፋለን። ሳጥን ከሌለ 4 ሜትር ከፍታ ላይ በገመድ እንሰቅለዋለን። የጥርስ ሳሙናችን ሳይቀር ይሰቀላል፤ ድብ የሸተተውን ሁሉ ምግብ ነው ብሎ ይመጣላ። እነሱ ግን ቱናውን ድንኳን ውስጥ ከፍተው፣ ዘይቱን ደጃፍ ላይ ደፍተው፣ የተረፈውን ተንተርሰው ለጥ ይላሉ። የኛም ሰው አለበት። "የእናቴን ቋንጣ ለብረት ሳጥን አልሰጥም" ብሎ ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ አቅፎት ያደረ ሐበሻ አውቃለሁ።

የኔው ጀግና ግን ሁሉንም ያስንቃል።

ሰውዬው የድብ ስፕሬይ ገዝቷል። እስከዚህ ጎበዝ ነው። ስፕሬዩ የሚሠራው ከሚያቃጥል በርበሬ ነው፤ የሚጥሚጣችን ዘመድ በሉት። ድቡ ሊያጠቃ ሲመጣ ፊቱ ላይ ይረጫል። ጀግናችን ግን እንደ ትንኝ መከላከያ ቆጠረው። መጀመሪያ ድንኳኑን ዙሪያውን ረጨው። "ውስጡስ?" አለና ውስጡንም ረጨ። ቀጥሎ ብስክሌቱን። መሪውን፣ ቦርሳዎቹን፣ ኮርቻውን። ትንሽ ስትተርፈው ክንዱንና አንገቱን ተቀባ። ከዚያ ዚፑን ዘግቶ ተኛ። ተኛ ማለት እንኳ ይከብዳል። ሲያስልና ሲያስነጥስ ነው ያነጋው። ዓይኑን አሸ፤ በዚያው እጁ። ለሽንት ተነሳ፤ በዚያው እጁ። ዝርዝሩን ራሱ ነው የነገረኝ፣ እኔ አልጠየቅኩም።

ጉዱ ደግሞ ገና ነው። ስፕሬዩ ድብን የሚያባርረው ዓይኑና አፍንጫው ውስጥ ሲገባ ነው። ዕቃ ላይ ተረጭቶ ሲደርቅ ሽታው ድቡን ሊጠራው ይችላል። እናቶቻችን ሥጋ ዘልዝለው በበርበሬ ያሹና ይሰቅላሉ። ጀግናችን ባለሙያ አላስቸገረም፤ ራሱን በራሱ አሽቶ፣ ጠቅልሎ አቀረበ። ያ ሐበሻ ቋንጣ አቅፎ ነው ያደረው። ይሄኛው ቋንጣ ሆኖ አደረ።

"ሠርቷል!" አለኝ ጠዋት፣ ዓይኑ ቲማቲም መስሎ። "አንድም ድብ አልመጣም።"

እውነቱን ነው። ዝሆንም አልመጣም። ጣሳው ግን ባዶ ሆኗል። የምር ድብ ቢመጣ የቀረው ጣሳውን መወርወር ነው።

አሁን ቀልዱን ልተወው። የሰው ምግብ አንዴ የቀመሰ ድብ ይመለሳል። ሲመለስ ሰው መፍራቱን ትቷል። ያን ጊዜ ጠባቂዎች መጥተው በጥይት ሊገድሉት ይችላሉ። ሴቷ ግሪዝሊ የመጀመሪያ ልጇን እስክትወልድ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅባታል። ልጆቿን ደግሞ ሁለት ሦስት ዓመት ይዛ ትዞራለች። ይህ ሁሉ ለአንድ ጣሳ ቱና! ባለ ቱናው ጀግና የዚያን ቀን ቤቱ ቁጭ ብሎ ቪዲዮውን ኤዲት ያደርጋል። ድቧ የመጣችበት ቦታ ላይ በማግስቱ ድንኳን የሚተክለው ደግሞ ምንም የማያውቅ ሌላ ሰው ነው። አያሳፍርም?

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። "ድቡ ከመጣስ ምን ታደርጋለህ?" አልኩት ባለ በርበሬውን። "በብስክሌት አመልጣለሁ" አለ። ድብ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሮጣል። እሱ 30 ኪሎ ጭኖ ዳገቱን ቢበዛ በ8 ይወጣዋል። "ካልሆነም የሞተ መስዬ እተኛለሁ።" ልጅ ሆነን የሰማነው ተረት ላይ ድቡ ሰውዬውን አሽትቶት ዝም ብሎ ይሄዳል። የተረቱ ሰውዬ ግን በርበሬ አልተቀባም ነበር።

ተሰነባበትን። ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ፀሐዩ ከርሮ ነበርና ቶሎ አላበው። ኮርቻው ትዝ ያለው ያኔ መሰለኝ። መቶ ሜትር እንኳ ሳይሄድ ብድግ አለ። ዳገቱ ጫፍ ላይ እስኪሰወርብኝ ድረስ አልተቀመጠም።