አገረ ገዥው ካልፈረመ፣ ካልመለሰስ?

የሕንድ ሕገ መንግሥት ለግዛቶች አገረ ገዥዎች የሰጠው ሥልጣን በወረቀት ላይ ሲታይ ሰፊ ነው፤ የግዛቱን መንግሥት የሚመራውን ዋና ሚኒስትር ይሾማሉ፣ ምክር ቤቱ በማይሰበሰብበት ጊዜ አዋጅ ያወጣሉ፣ ለተፈረደባቸው ሰዎች ይቅርታ ያደርጋሉ። በተግባር ግን ከጥቂት ጉዳዮች በቀር ይህን ሁሉ የሚፈጽሙት በተመረጡት ሚኒስትሮች ምክር ነው። ተገቢም ነው፤ አገረ ገዥውን የሚሾመውም የሚያነሳውም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት እንጂ የግዛቱ ሕዝብ አይደለምና።

ውዝግቡ ያለው አንቀጽ 200 ላይ ነው። ምክር ቤቱ ያጸደቀው ረቂቅ ሕግ ሲደርሰው አገረ ገዥው ሊፈርምበት፣ ፈቃዱን ሊነፍገው ወይም ለፕሬዚዳንቱ ውሳኔ ሊያቆየው ይችላል፤ የገንዘብ ረቂቅ ካልሆነም አስተያየቱን ጽፎ «በተቻለ ፍጥነት» ሊመልሰው ይችላል። የተመለሰውን ረቂቅ ምክር ቤቱ ዳግም ካጸደቀው ግን ፈቃዱን መንፈግ አይችልም። ረቂቁን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ዝም ማለት ከእነዚህ አማራጮች አንዱ አይደለም።

በታሚል ናዱ ግዛት የሆነው ግን ይኸው ነው። 10 ረቂቆች፣ አንዳንዶቹም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ፣ ያለ ውሳኔ ቆዩ። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎችን የመሾም ሥልጣን ከአገረ ገዥው ወደ ግዛቱ መንግሥት የሚያዛውሩ ስለነበሩ፣ ጉዳዩን ያጓተተው ሰው ሥልጣኑ የሚቀነስበት ራሱ ነበር፤ ይህን በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ግዛቱ በ2023 ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካመለከተ በኋላ አገረ ገዥው ፈቃዱን ነፈገ፤ ምክር ቤቱ ኅዳር ላይ ተሰብስቦ ረቂቆቹን ዳግም ቢያጸድቃቸውም፣ ከ10 ቀናት በኋላ ለፕሬዚዳንቱ አስተላለፋቸው።

ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 2025 ድርጊቱን ሕገ ወጥ ብሎ ረቂቆቹን እንደጸደቁ ቆጠራቸው፤ የጊዜ ገደብም አስቀመጠ። በኅዳር ወር ግን ፕሬዚዳንቷ ለጠየቁት የሕግ ጥያቄ መልስ የሰጡት የዚያው ፍርድ ቤት አምስት ዳኞች፣ ፍርድ ቤት የቀን ገደብ ሊያስቀምጥም ሆነ ያልተፈረመን እንደተፈረመ ሊቆጥር እንደማይችል ገለጹ። ምክንያት ለሌለው የተራዘመ ዝምታ ብቻ «ወስን» ብሎ ማዘዝ ይቻላል አሉ። ቀን መቁረጥ የሕግ አውጪው ሥራ ነው የሚለውን እቀበላለሁ። ይሁንና ግዛቶች ለእያንዳንዱ ረቂቅ ፍርድ ቤት ደጅ እንዲጠኑ መገደዳቸው መፍትሔ ሊባል አይችልም።

የናይጄሪያ የ1999 ሕገ መንግሥት ይህን ክፍተት በክፍል 100 ዘግቶታል፤ አገረ ገዥው በ30 ቀናት ውስጥ አቋሙን ማሳወቅ አለበት፣ ከነፈገም የምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያለ ፊርማው ሕግ ያደርገዋል። በጥድፊያ የወጣን ሕግ የሚገታ ሰው ያስፈልጋል የሚሉ ሰዎች ስጋታቸው ተገቢ ቢሆንም፣ ለዚያ የተሰጠው መሣሪያ ስህተቱን ጽፎ መመለስ ነው፤ ዝም ያለ አገረ ገዥ ግን ስህተቱ የቱ እንደሆነ እንኳ ለምክር ቤቱ አይነግረውም።

ስለዚህ የሕንድ ፓርላማ አንቀጽ 200ን አሻሽሎ የቀን ገደብ ቢያስገባ፣ ቀኑ ሲያልፍም ረቂቁ ያለ ፊርማ እንዲጸድቅ ቢደነግግ፣ አገረ ገዥው የሚያጣው ሕጋዊ ሥልጣን የለም፤ መፈረሙም፣ መመለሱም፣ ለፕሬዚዳንቱ ማስተላለፉም በእጁ ይቆያሉ።