የልምምድ ጥይት ሲገዛ የአረሩ ክብደት ይጠየቅ

በወሎ ጥይት ክብር ያለው ነገር ነው። አባቶቻችን ምንሽርና አልቤን በሚይዙበት ዘመን ጥይት በዝናር እየተቆጠረ ይያዝ ስለነበር አንዷ እንኳ ያለ ጉዳይ አትተኮስም ነበር። ዛሬ በደሴና በኮምቦልቻ ለጥበቃ ሥራ ሽጉጥ የሚታጠቁ ወጣቶችን ሳለማምድ ግን፣ ከግዥ ክፍሎችም ከአሠልጣኞችም ደጋግሜ የምሰማው «ጥይት ያው ጥይት ነው፤ ከሽጉጡ ልክ ጋር ከገጠመ ርካሹ ይገዛ» የሚል ክርክር ነው። በዚህ አልስማማም። የልምምድ ጥይት የአረሩ፣ ማለትም ተተኩሶ ከአፈሙዝ የሚወጣው ክፍል፣ ክብደት ተጠይቆ፣ ለሥራ ከሚታጠቁት ጥይት ጋር አንድ ሆኖ መመረጥ አለበት፤ ከተመረጠ በኋላም ያለ በቂ ምክንያት መለወጥ የለበትም።

ይህን የምለው አንድ ወጣት ስለ በደልሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጠንቃቃ የጥበቃ ሠራተኛ በ25 ሜትር ርቀት ለወራት ጥይቶቹን ከዒላማው መሐል ሲያሳርፍ ቆይቶ፣ በአንድ ጠዋት ሁሉም ወደ ታች ወረዱበት። ቃታውን እየነጠቀ ነው ብዬ ፈረድሁበት፤ ፍንዳታውን እየፈራህ አፈሙዙን አስቀድመህ ወደ ታች ትጫነዋለህ አልሁት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልነበረበትን ጥፋት ሳርም ከረምሁ። በመጨረሻ «አያ፣ ካርቶኑ እኮ የበፊቱ አይደለም» ያለኝ እሱ ራሱ ነው። የበፊቱ ጥይት የአረሩ ክብደት 147 ግሬን ነበር፤ አዲሱ ደግሞ በዋጋው ርካሽነት የመጣ 115 ግሬን። ልጁ በዚያ መሐል በገዛ እጁ ላይ የነበረውን እምነት አጥቶ ነበርና፣ እሱን ለመመለስ ከሁለት ሳምንት እጅግ የበለጠ ጊዜ ፈጅቶብናል።

ግሬን የጥይት አምራቾች በካርቶን ላይ የሚጽፉት የክብደት መለኪያ ሲሆን፣ አንዱ 0.0648 ግራም ያህል ይመዝናል። በ9 በ19 ሚሊ ሜትር ጥይት (9 የአረሩ ውፍረት፣ 19 የቀለሁ ርዝመት ነው) በብዛት የሚገኙት ክብደቶች ሦስት ናቸው፤ 115 ግሬን ወይም 7.45 ግራም፣ 124 ግሬን ወይም 8.04 ግራም፣ 147 ግሬን ወይም 9.53 ግራም። ቁጥሩ የሚናገረው ከአፈሙዝ ስለሚወጣው አረር ብቻ ነው። ቀለሁንና ባሩዱን ጨምሮ ሙሉውን ጥይት በወርቅ ሚዛን ላይ ያስቀመጠ ሰው 12 ግራም ገደማ ስለሚያገኝ፣ ይህን ካላወቀ ካርቶኑ የተሳሳተ ሊመስለው ይችላል።

ክብደቱ ሲለወጥ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ለምን ይለወጣል? ብዙ ሰው ከባድ አረር በስበት ምክንያት ዝቅ ብሎ ይመታል ብሎ ያስባል። በሽጉጥ ርቀት የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። 115 ግሬኑ በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ፣ 147 ግሬኑ ደግሞ 300 ሜትር ገደማ ይበርራል፤ በዚህ የፍጥነት ልዩነት በ25 ሜትር ላይ በስበት የሚመጣው የመውረድ ልዩነት ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይርቅም። ዋናው ነገር የሚፈጸመው አረሩ ገና በአፈሙዙ ውስጥ ሳለ ነው። አረሩ ወደ ፊት መንቀሳቀስ እንደ ጀመረ ሽጉጡ ወደ ኋላ ይገፋል፤ የግፊቱ መስመር ከጨበጠው እጅ በላይ ስለሚያልፍም አፈሙዙ ወዲያው ወደ ላይ መነሣት ይጀምራል። ከባዱና ዘገምተኛው አረር በውስጡ ጥቂት ስለሚቆይ አፈሙዙ ይበልጥ ተነሥቶ ያገኘዋልና ከፍ ብሎ ይመታል፤ ቀላሉ ቀድሞ ስለሚወጣ ዝቅ ብሎ ያርፋል። የዚያ ወጣት ጥይቶች ወደ ታች የወረዱት በዚህ ምክንያት ነበር። ማነጣጠሪያው ለአንዱ ክብደት የተስተካከለ ሽጉጥ ለሌላው እንደሚሳሳት፣ ጥፋቱም በተኳሹ ላይ እንደሚላከክ ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አላውቅም።

የምቱ ስሜትም ይለያያል። ቀላሉ አረር እጅን ፈጥኖና ሹል አድርጎ ሲመታ፣ ከባዱ ቀስ ብሎ የሚገፋ ይመስላል። ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዘው በደሴ ብርድ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ፣ ሞቅ ባለችው ኮምቦልቻ ደግሞ ከዚያ ጥቂት በልጦ ስለሆነ፣ 147 ግሬኑ ሁልጊዜ ከድምፅ በታች ይበርራል፤ ስለዚህም ከድምፅ የሚፈጥን አረር የሚያሰማውን የጅራፍ ዓይነት ጩኸት አያሰማም። ፍንዳታ የሚያስደነግጠውን ጀማሪ ይህ ይረዳዋል። ሆኖም በለስላሳው ለምዶ በኃይለኛው ሥራ ላይ የሚቆም ሰው ያልለመደውን ምት የሚያገኘው እጅግ በሚያስፈልገው ሰዓት ነው፤ ምቾትን ብቻ አይቶ መምረጥን የምቃወመው ለዚህ ነው።

ማካሮቭ የተባለውን የሶቪየት ሽጉጥ የታጠቁ ጥበቃዎች ያሉባቸው ድርጅቶች አንድ ነገር አጥብቀው ሊጠነቀቁበት ይገባል። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ሲሆን፣ አረሩ 6.1 ግራም ገደማ፣ ውፍረቱም 9.27 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ9 በ19 አረር ውፍረት ደግሞ 9.03 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱም ላይ «9 ሚሊ» መባሉ አያሳስት፤ አንዱ በሌላው ሽጉጥ ፈጽሞ መጉረስ የለበትም።

ለሥራ የሚታጠቁት ጥይት ገና ካልተወሰነ እኔ 124 ግሬንን አስቀድማለሁ። የ9 በ19 ጥይት እ.ኤ.አ. በ1902 ሲወጣ አረሩ 8 ግራም ገደማ ነበር፤ ብዙ ሽጉጦችም ለዚህ ክብደት ተስማሚ ሆነው ተሠርተዋል። ቢሆንም የእያንዳንዱን ሽጉጥ ጠባይ የሚያሳየው ሙከራ ብቻ ነው። አንድ ሰው እጁን በአሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፎ፣ በ25 ሜትር፣ ከእያንዳንዱ ክብደት አምስት አምስት ጥይት ይተኩስ፤ ተራውን እየለዋወጠም ደጋግሞ ይሞክር። መታየት ያለበት የመሐሉ መመታት ብቻ አይደለም፤ ጥይቶቹ ምን ያህል ተቀራርበው እንዳረፉ ይበልጥ ይናገራል፤ የተቀራረበ ግን ከመሐል የራቀ ምት ማነጣጠሪያን በማስተካከል ይመለሳልና።

የዋጋውን ነገር አቃልዬ አላየውም። 115 ግሬን ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው፤ ድርጅቱ ለሥራም እሱኑ የሚያስታጥቅ ከሆነ ለልምምድም ይግዛው፣ ክርክር የለኝም። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያና ጥይት የሚያዘው በፈቃድ ስለሆነ፣ ያልተስማማን ጥይት በማግሥቱ ከሱቅ ለውጦ መምጣት አይቻልም፤ በግዥ ወረቀት ላይ የተሠራ ስሕተት ካርቶኑ እስኪያልቅ ከሠልጣኞቹ ጋር ይከርማል። ስለዚህ በግዥ ጥያቄው ላይ «የ9 ሚሊ ጥይት» ተብሎ እንዳይቀር፤ «9 በ19፣ 124 ግሬን» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ በእያንዳንዱ ሠልጣኝ የዒላማ ወረቀት ጥግም ከቀኑና ከርቀቱ ጎን የተተኮሰው ጥይት ክብደት ይስፈር።